በሩን ሳይዘጋ የሣለው ዊንዘር ማኬይ

ስለ አኒሜሽን ታሪክ ሲነሳ የአብዛኞቻችን አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የዋልት ዲዝኒ ስም ነው። ይሁን እንጂ ዲዝኒ ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በኤፕሪል 1911፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖር አንድ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ በእጁ የሣላቸውን ወደ 4,000 የሚጠጉ ሥዕሎች በፊልም አንቀሳቅሶ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ሰውየው ዊንዘር ማኬይ ይባላል።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ለአኒሜሽን ታሪክ ኮርስ ነው። ከቀደምቶቹ አኒሜተሮች መካከል ማኬይን የመረጥኩት ደግሞ በክፍላችን ውስጥ ሳይቋጭ በከረመ አንድ ክርክር የተነሳ ነው። ክርክሩን የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፦ ያላለቀ ሥራን ለሰው ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም? ግማሾቻችን ገና በእርሳስ የተጫረውን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ በምሳ ሰዓት ላፕቶፕ ከፍተን ያገኘነውን ሰው ሁሉ እንዲያይልን እናስቀምጣለን። ግማሾቻችን ደግሞ እስከ ማስረከቢያው ቀን ድረስ ፋይላችንን በፓስወርድ ቆልፈን እንይዛለን። በሚቆልፉት አልፈርድባቸውም። አንድ የባች ጓደኛዬ ሁለት ወር የለፋበትን ገጸ ባሕርይ በሌላ ሰው ስም ሌላ ቦታ ቀርቦ ያየበትን ቀን አስታውሳለሁ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ለማንም አንድ ፍሬም እንኳ አሳይቶ አያውቅም። የማኬይን ሕይወት ሳነብ ታዲያ ይኸው ጥያቄ ከ100 ዓመት በፊት ከነሙሉ ክብደቱ አንድ ሰው ላይ ወድቆ አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ማኬይ መቼ እንደተወለደ ቁርጡ አይታወቅም። እሱ ራሱ 1871 ይል ነበር፤ የመቃብሩ ድንጋይ 1869 ይላል፤ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ደግሞ ወደ 1867 ይወስደዋል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ የአያቶቻችንን ዕድሜ በዘመነ እገሌ እየቆጠርን አይደል ያደግነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ስፕሪንግ ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ13 ዓመቱ በትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የመርከብ መስጠም አደጋ ሥሎ፣ ሥዕሉ ፎቶ ተነስቶ ቅጂው እንደተሸጠ ይነገራል። ይህችን መርከብ አንባቢ ለኋላ ያቆይልኝ።

አባቱ ልጁ የንግድ ሰው እንዲሆንለት ነበር የሚፈልገው። ይህም አዲስ ታሪክ አይደለም፤ እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ አካውንቲንግ ግባ ያልተባለ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ማኬይ በ1886 ኢፕሲላንቲ ከተማ ወደሚገኝ የንግድ ኮሌጅ ተላከ። ክፍል ግን ብዙም አይገባም ነበር። ዲትሮይት እየሄደ ዎንደርላንድ በሚባል፣ ሰው ሳንቲም ከፍሎ ጉድ በሚያይበት የመዝናኛ ቤት ውስጥ የሰው መልክ በ25 ሳንቲም ይሥል ነበር። በዚያው በኢፕሲላንቲ በመምህራን ማሠልጠኛው የሚያስተምሩ ጆን ጉዲሰን የሚባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ። እኚህ ሰው የልጁን ሥራ አይተው በግላቸው ሊያስተምሩት ፈቀዱ። ያስጠኑት በዋናነት ፐርስፔክቲቭን ነው። ማኬይ በሕይወቱ ያገኘው መደበኛ የሥዕል ትምህርት ይኸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ በጋዜጣ ላይ የሣላቸውን ሕንጻዎችና አዳራሾች ያየ ሰው የጉዲሰን ማስመሪያ እስከ መጨረሻው ከእጁ እንዳልወጣ ይረዳል።

ከዚያ በ1889 ቺካጎ ገብቶ ለሰርከስና ለትርኢት የሚለጠፉ ፖስተሮች በሚታተሙበት ቤት ሠራ። በ1891 ወደ ሲንሲናቲ ሄዶ እንደገና ለአንድ የጉድ ማሳያ ቤት ማስታወቂያ መሣል ጀመረ። እዚያው ሚስት አገባ፣ ሮበርትና ማሪዮን የሚባሉ ልጆች ወለደ፣ ጋዜጣ ቤትም ገባ። በ1903 ኒውዮርክ ሄራልድ የተባለው ጋዜጣ አስጠርቶ ወሰደው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1905፣ ስሙን ያስጠራውን «ሊትል ኒሞ ኢን ስላምበርላንድ» የተሰኘ ባለቀለም ተከታታይ ካርቱን ጀመረ። አንድ ትንሽ ልጅ በየሳምንቱ ሕልም ያያል፤ አልጋው እግር አውጥቶ ይሄዳል፣ ከተማው ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ከአልጋው ወድቆ ይነቃል። ስለ ኒሞ ብቻ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፣ ግን የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው።

የእኔ ጉዳይ የሚጀምረው በ1906 ነው። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ቮድቪል የሚባል የመድረክ ዝግጅት ነበር። ዘፋኙ፣ አስቂኙ፣ ምትሃተኛው፣ ውሻ አሠልጣኙ ሁሉም በየተራ እየወጣ ለጥቂት ደቂቃ የያዘውን ያሳያል። ማኬይም የጋዜጣ ሥራውን ሳይለቅ መድረኩ ላይ ወጣ። ሙዚቃ እየተመታ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከሕፃንነት እስከ እርጅና ሲለወጡ በጠመኔ እየሣለ ያሳይ ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ 25 ሥዕል ያወጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጋዜጣ ላይ የሚሥል ሰው አንባቢው የት ጋ እንደሳቀ የት ጋ እንዳዛጋ አያይም። መድረክ ላይ ግን የሰለቸው ሰው ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። በእኔ ግምት ማኬይን ከካርቱን ሠዓሊነት ወደ አኒሜተርነት ያሸጋገረው ካሜራው ሳይሆን ይህ መድረክ ነው። አንድን ነገር በሰው ፊት ሠርቶ፣ የሰውን ፊት አይቶ፣ በማግስቱ አስተካክሎ መድገምን የተማረው እዚያ ነው።

የአኒሜሽኑን ሐሳብ ያገኘሁት ልጄ ሮበርት ይዟቸው ከመጣ ትንንሽ ደብተሮች ነው ይል ነበር። ገጾቹን በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጓቸው ሥዕሉ የሚንቀሳቀስባቸው ማለት ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ጠርዝ ላይ ኳስ የሚመታ ሰው ሥሎ መምህሩ ያልቀማው ተማሪ መቼም እዚህ ዲፓርትመንት አይገባም። ማኬይ ግን ይህንኑ ጨዋታ 4,000 ጊዜ ደገመው። ከኒሞ ታሪክ ያሉትን ገጸ ባሕርያት በስስ የሩዝ ወረቀት ላይ በቀለም ሣላቸው። ሥዕል ከሥዕል ጋር እንዳይዛነፍ በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገ። ወረቀቶቹ ካርቶን ላይ ተለጥፈው ቪታግራፍ በተባለው የፊልም ኩባንያ ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት ደግሞ፣ በእጅ በሚዞር ከበሮ መሳይ መሣሪያ ላይ እየደረደረ እንቅስቃሴያቸውን ይፈትን ነበር። ዛሬ እኛ ስፔስ ባር ተጭነን በሰከንድ የምናየውን እሱ ከበሮ እያዞረ ነበር የሚያየው። ያልጣመውን ሥዕል ያወጣል፣ ሌላ ይሥላል፣ መልሶ ያዞራል። ፊልሙ ሲያልቅ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ በእጅ ቀለም ቀባቸው።

የፊልሙ መግቢያ ራሱ ትኩረት የሚስብ ነው። ሥዕሎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ማኬይ ጓደኞቹ መሃል ተቀምጦ ሥዕል አስነስቼ አስኬዳለሁ ሲላቸው ይስቁበታል። ከዚያ በርሜል ሙሉ ቀለምና ጥቅል ጥቅል ወረቀት ወደ ቤቱ ሲገባ እናያለን። የበርሜሉ ነገር ቀልድ ነው፣ ቁም ነገሩ ግን የመጀመሪያ ፊልሙን የከፈተው ሥራው እንዴት እንደተሠራ በማሳየት መሆኑ ነው። ምትሃተኛ ቢሆን ኖሮ ከመድረክ በጡጫ ያወርዱት ነበር።

የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ተነግሮትም ተመልካቹ አላመነም። ሰዎቹ በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራ የካሜራ ማታለያ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ማኬይ በ1912 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ ፊልሙን አመጣ። ባርኔጣ ያደረገች፣ ሻንጣ የያዘች አንዲት የወባ ትንኝ የተኛ ሰውዬ ፊት ላይ እያረፈች ደም ትመጣለች፤ ሆዷ ይነፋል፣ ይነፋል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ወደ 6,000 ሥዕል ነው። ከመጀመሪያው ፊልም ጋር አስተያይቼ ሳየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኒሞ ውስጥ ያሉት ሰዎች ያምራሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ግን ታሪክ የላቸውም፤ ክብደትም ያንሳቸዋል። ትንኟ ግን ደም በጠጣች ቁጥር ክንፏ ሊያነሳት እየተቸገረ ይሄዳል። አሁንም ግን ተመልካቹ በሽቦ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት አለ። ማኬይ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ፎቶ ሊነሳ የሚችል ነገር እስከሣልኩ ድረስ አያምኑኝም የሚል ነበር። ስለዚህ ማንም በሽቦ ሊያንቀሳቅሰው፣ ማንም ፎቶ ሊያነሳው የማይችል እንስሳ ፈለገና ዳይኖሰር መረጠ። ጌርቲ የተወለደችው ከተመልካች ጥርጣሬ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጌርቲ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሥዕሎቹን እሱ ራሱ 10,000 ናቸው ይል ነበር። የዳይኖሰሯን ትንፋሽ ለመሣል ሰዓት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የራሱን ትንፋሽ ለካ። ደረት ሲሞላ ስንት ጊዜ ይወስዳል፣ ሲጎድል ስንት፣ ያንን ወደ ፍሬም ቁጥር ለወጠው። ጌርቲ ቆማ ምንም ሳታደርግ እንኳ ሆዷ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሥዕሎቹንም ከአንድ ጀምሮ በተርታ አልሣላቸውም። መጀመሪያ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይሥላል፣ ከዚያ መሃሉን፣ ከዚያ የመሃሉን መሃል። ዛሬ ቁልፍ ሥዕልና መካከለኛ ሥዕል እያልን የምንማረው ይህንኑ ነው። የሚደጋገሙትን እንቅስቃሴዎች ደግሞ አንዴ የሣላቸውን መልሶ ፎቶ እያስነሳ ተጠቅሞባቸዋል።

ባለፈው ሴሚስተር ለእርምጃ አሳይመንት ጆንያ የተሸከመ ሰው ስሠራ ይህን የሰዓት ዘዴ ሞክሬዋለሁ። ሻካራውን የእርሳስ ሥራ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በላፕቶፕ እያዞርኩት ሳለ የስቱዲዮውን ወለል የሚያጸዱት እናት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመው አዩና ጆንያው ውስጥ ያለው ጥጥ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከመምህራንም ከተማሪም የተሻለ አስተያየት ያገኘሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ እህል በረንዳ ሄጄ ተሸካሚዎቹን በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ኩንታል የተሸከመ ሰው እግሩ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ አየር ላይ ከሚሆንበት በጣም ይበልጣል፣ ጉልበቱም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ያስረከብኩት ስምንተኛው ቅጂ ነበር፤ እኚያ እናትም መጥተው አይተው ጤፍ መሆኑን መስክረውልኛል።

ወደ ማኬይ ስንመለስ፣ ጌርቲን ብቻውን አልሠራትም። ጆን ፊትዝሲመንስ የሚባል የሥዕል ተማሪ ጎረቤት ነበረው። ማኬይ ጌርቲን ይሥላል፣ ልጁ ደግሞ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ዓለቱን፣ ዛፉንና ውኃውን ከሥር ካለው ሥዕል እየቀዳ ይደግማል። ጀርባውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ስልት ገና ስላልነበረ ያው ዓለት በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተሥሏል። ፊልሙን ዛሬ ስናየው ዓለቱና ሐይቁ ትንሽ ትንሽ እንደሚንቀጠቀጡ እናያለን። እኔ ያንን መንቀጥቀጥ እወደዋለሁ፣ የአንድ ተማሪ የእጅ ድካም ነውና።

በፌብሩዋሪ 1914 ጌርቲ ቺካጎ ውስጥ ፓላስ ቲያትር ላይ ታየች። ማኬይ ጅራፍ ይዞ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ያዛታል። ነይ ሲላት ከዋሻዋ ትወጣለች፣ እግርሽን አንሺ ሲላት ታነሳለች፣ ሲቆጣት እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። አጠገቧ የመጣውን ማሞዝ በጅራቱ ይዛ ሐይቅ ውስጥ ትወረውረዋለች፣ ከዚያም ሐይቁን ጠጥታ ትጨርሰዋለች። እሱ ፍሬ ወርውሮ በእጁ ሲደብቀው በስክሪኑ ላይ እሷ ስትጎርስ ይታያል። በመጨረሻ ማኬይ ከመድረክ ይሰወርና በዚያው ቅጽበት የተሣለው ማኬይ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ጌርቲ ተሸክማው ትሄዳለች። ከሷ በፊት የተሣሉ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ነበሩ። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 ሠርቷል፣ ሌሎችም አሉ። ጸባይ ያላት፣ ታዘዢ ስትባል አንዳንዴ እምቢ የምትል ፍጡር ግን ከጌርቲ በፊት ለማግኘት ይቸግራል።

አሁን ወደ ክርክራችን ደረስን። ጌርቲ እየተሠራች ሳለ አንድ ሰው የማኬይን በር አንኳኳ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ስለ አኒሜሽን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው አለው። ማኬይም ሁሉንም ነገር አሳየው፤ የመስቀል ምልክቱን፣ መነሻና መድረሻን የመሣል ዘዴውን፣ ድግግሞሹን፣ አንድም ሳያስቀር። ሰውየው ጆን ራንዶልፍ ብሬይ ነበር። እሱም ካርቱን ሠዓሊ ነው፣ የፊልም ሥራ ሊጀምር የተዘጋጀ። ብሬይ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1914፣ የአኒሜሽን አሠራር ዘዴዎችን በራሱ ስም ፓተንት አስመዘገበ፤ ከነዚህም ውስጥ ማኬይ ሲጠቀምባቸው የነበሩ ነበሩበት። ይባስ ብሎ ማኬይን ራሱን ያለ ፈቃድ ተጠቅመሃል ብሎ ከሰሰው። ቤቱ ገብቶ ውኃ የጠጣ እንግዳ ባለቤቱን ከጉድጓዱ ሊያባርር ሲሞክር ማለት ነው።

ክሱ አልተሳካለትም። እንዲያውም ማኬይ ለጥቂት ዓመታት ከብሬይ የሮያሊቲ ክፍያ ይቀበል ነበር። ፋይል የሚቆልፉት ጓደኞቼ እስከ እዚህ ድረስ ያለውን ታሪክ ስነግራቸው ይኸው አላልንም ነው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግማሹ። ማኬይ ፓተንት ለማውጣት ጊዜ ነበረው፣ ስሙም ነበረው፣ ግን አልፈለገም። ፊትዝሲመንስ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ለጥቂት ደቂቃ ፊልም ሺህ ሥዕል መሣል የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣ የሚል ዓይነት አቋም ነበረው። ይህ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ትንሽ ትዕቢትም አለበት። እንደኔ የሚለፋ የለም ብሎ ማመን ነው። ብሬይ የገባው ነገር ደግሞ ማኬይን አልገባውም፦ ሥራውን ለብዙ ሰው ከፋፍሎ በርካሽ ማውጣት ይቻላል።

ነገሩ ግን ከዚህም ይወሳሰባል። በዲሴምበር 1914 ኧርል ኸርድ የሚባል ሰው በሚያሳይ የሴሉሎይድ ወረቀት ላይ ለመሣል ዘዴ ፓተንት እንዲሰጠው አመለከተ። ጀርባው አንዴ ይሣላል፣ የሚንቀሳቀሰው ብቻ በሚያሳየው ወረቀት ላይ ይደረጋል፣ የፊትዝሲመንስ ዓይነት ልፋት ቀረ። ኸርድና ብሬይ ተጣምረው ለዓመታት ከየስቱዲዮው የፈቃድ ክፍያ ሰበሰቡ። የብሬይ ስቱዲዮ ግን ማክስ ፍላይሸር፣ ፖል ቴሪና ዋልተር ላንትዝ የሠሩበት ቤት ነው። የሰው ዘዴ ወስዶ የበለጸገው ቤት ለአሜሪካ አኒሜሽን አንድ ትውልድ አፈራ። ይህን ስጽፍ ብሬይን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ክርክሩ ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዳይዘነብል ነው።

የማኬይን ሥራ ያዘገየው ከብሬይ ይልቅ አሠሪው ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1911 ጀምሮ የሚሠራው ለጋዜጣ ባለሀብቱ ለዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ነበር። ኸርስት ሠዓሊው መድረክ ላይ መዋሉን አልወደደውም። መጀመሪያ ከኒውዮርክ ውጪ እንዳያሳይ ከለከለው፣ በ1917 ደግሞ ከጋዜጣው ውጪ ያለውን ሥራ እንዲተው አደረገው። በጋዜጣው ላይም የኒሞን ሕልም ትቶ ለርዕሰ አንቀጽ የሚሆኑ ቁምነገረኛ ሥዕሎችን እንዲሥል ተደረገ። ተመልካቹን በየምሽቱ እያየ ያድግ የነበረ ሰው ተመልካቹን ተነጠቀ።

በዚህ ጊዜ ነው የልጅነቷ መርከብ የተመለሰችው። በሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታኒያ የተባለች የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ አየርላንድ አጠገብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፣ 128ቱ አሜሪካውያን ነበሩ። ፎቶም ፊልምም አልነበረም። አሠሪው አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ እንዳትገባ የሚቀሰቅስ ሰው ሆኖ ሳለ ማኬይ በራሱ ገንዘብ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ይህን አደጋ ሊሥለው ተነሳ። ፊትዝሲመንስና ኤፕ አዳምስ የተባለ ሌላ ጓደኛ አገዙት። በዚህ ፊልም ማኬይ እሱ ያልፈለሰፈውን ያንን የሚያሳይ ሴሉሎይድ ተጠቅሟል። ወረቀቶቹን አጣጥሞ ለመያዝም ከረዳቶቹ የመጣ የፔግ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ዛሬ ፔግ ባር የምንለው የዚያ ዘመድ ነው። 22 ወር ፈጀ፣ 25,000 ሥዕል ሆነ፣ በጁላይ 1918 ለሕዝብ ቀረበ።

«ዘ ሲንኪንግ ኦቭ ዘ ሉሲታኒያ» ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ጽሑፎቹ ጥላቻ ይነዛሉ። ይህን መካድ አይገባም። ጭሱና ውኃው ግን ሌላ ነገር ናቸው። መርከቧ ስታዘነብል ከጎኗ እንደ ጉንዳን የሚንጠባጠቡትን ሰዎች፣ በመጨረሻም ሕፃኗን ከውኃው በላይ ለማድረግ የምትታገለውን እናት ያየ ሰው ከሰባት ዓመት በፊት የኒሞን አሻንጉሊት መሰል ሰዎች የሣለው ይኸው እጅ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ፊልም፣ በአራቱም መካከል የሚታይ እርምጃ። ሁሉንም ያለ ስቱዲዮ፣ ከቀን ሥራ በተረፈ ሰዓት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ጥቂት ፊልሞች ጀምሮ ተዋቸው፣ ቁርጥራጫቸው ብቻ ነው ያለው። በ1921 በሕልም ላይ የተመሠረቱ ሦስት አጫጭር ፊልሞች አወጣ፤ ከነሱ አንዱ፣ አንድ ቤት ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት፣ ከልጁ ከሮበርት ጋር የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አላወጣም። በ1927 የኒውዮርክ አኒሜተሮች ለክብሩ የእራት ግብዣ አዘጋጁለት። ማክስ ፍላይሸር አስተዋወቀው። ማኬይ ተነስቶ ስለ አሠራር ቴክኒክ ምክር ሰጠ፤ ቤቱ ግን በመጠጥና በጨዋታ ተይዞ ብዙም አልሰማውም። በዚህ ጊዜ አኒሜሽንን ጥበብ አድርጌ ብሰጣችሁ ንግድ አደረጋችሁት የሚል ወቀሳ ሰንዝሮ ተቀመጠ ይባላል። ይህ ንግግር በየታሪክ መጽሐፉ የተጠቀሰ ነው። እኔን የነካኝ ግን ከወቀሳው በፊት ያለው ነው። ዘዴውን ወስደው በተከበሩት ሰዎች መሃል ቆሞም ቢሆን መጀመሪያ ያደረገው እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነበር።

ማኬይ በጁላይ 26 ቀን 1934 አረፈ። በ1955 የዲዝኒ የቴሌቪዥን ዝግጅት የጌርቲን የመድረክ ትርኢት በሮበርት እገዛ እንደገና ሠርቶ አሳየ። ሥራዎቹ ግን በደንብ አልተያዙም። ፊልሞቹ የተቀረጹት በቀላሉ በሚበላሽ የናይትሬት ፊልም ላይ ስለነበር፣ በ1947 ከተቀመጡበት ሲወጡ የተወሰኑት ከጥቅም ውጪ ሆነው ተጥለዋል። ጌርቲ ተርፋ በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባች፣ ኒሞ በ2009፣ ሉሲታኒያ በ2017። ለጌርቲ ከተሣሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች ውስጥ እንዳሉ የሚታወቁት ግን ከ400 ያነሱ ናቸው። በየጠርዛቸው የመስቀል ምልክቱ አለ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሁለት ሰው እጅ ይታያል፦ ዳይኖሰሯ የማኬይ ናት፤ ዓለቱ፣ ዛፉና የሐይቁ መስመር የጎረቤቱ ተማሪ የፊትዝሲመንስ ናቸው።